ዜና ዕረፍት

በታልካዋኖ ወደብ፣ በሐምሌ ብርድ ማታ፣
ጉም ላይ ተንጠልጥሎ የዓሣ ዱቄት ሽታ፣
ሦስት ሰው ወረደ ወደ መርከብ ጓዳ፤
ጋዙ ተቀበላቸው እንደ ክብር እንግዳ።

ኦክታቪያ ጻፈችው፣ አርባ መስመር ሙሉ፦
ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ጭምብል መከልከሉ፣
ደወሉ ሳይጠገን ዓመት መጠቅለሉ።

አራት ሰዓት ሲሆን ስልኩ አቃጨለ፤
ቅቤ አንጓች ድምፅ ነው፣ አይጮህ፣ ቀስ እያለ፤
ዶን ኢሳውሮ ናቸው፣
የጋዜጣው ጌታ፣ የፋብሪካው ወዳጅ፦
«እኔ አላዝዝሽም፤ አንቺ ነሽ አዘጋጅ።
ብቻ ስትቸኩዪ እንዳትሳሳቺ፣ ልጅ።
እናትሽ ተሻላት? ያ ሐኪም ደግ ነው፤
ሂሳቡን እርሽው፣ እሱ የኛ ዕዳ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ማንም «ሰርዢ» ያለ የለም።
ቢሆንም መቀሱ ያን ሌሊት አልተኛም።
«ሞቱ» የሚለው ቃል «ተጎዱ» ተባለ፤
«ጋዝ» ወደ «ክስተት» ዞሮ ተጠቀለለ፤
አርባው መስመር ስድስት፣ ስድስቱ አንድ ሆኖ፣
ወሬው እንደ ሰዎቹ ቀረ እዚያው ታፍኖ።
ዓምድ ተነቀለ፤ ቤቱ ግን አልወደቀ፤
በዚያው ባዶ ቦታ ማስታወቂያ ደመቀ።

እኔ ምድር ቤት ነኝ፤ ሥራዬ ቆጠራ፤
የሙታኑን ገጽ ነው በቃል የማሰራ።
ስም በነጻ ይገባል፣ ቃል በአምስት መቶ ፔሶ፤
አለቃ አይወርድም፤ ማን አንብቦት ለቅሶ!

ኤድልሚራ መጣች፣ የኤሊሴኦ ሚስት፣
ዝርዝር ሳንቲም ይዛ በዳቦ ከረጢት።
«ጻፍ» አለችኝ፣ ጻፍኩ፦
«ባሌ ዐረፈ። ሦስት ጊዜ ተናግሮ፣
ደወሉ አይሠራም ብሎ አቤቱታ አኑሮ፣
ጭምብል ሲለምን ነገ የተባለ፣
ነገ ሳይደርስለት በጋዝ የተገደለ።»

ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ፤ ቃሉ አሥራ ስምንት።
ሳንቲሟን ቆጠርኩት፤ የሚበቃው ለአሥራ ሁለት።
«የቱን ላጥፋ?» አለች። እርሳሱን ተቀብላ
«በጋዝ» ላይ ስትደርስ፣ እጄን ጣልኩ ከመሐላ።

«ተይው። ስም ነጻ ነው፤ ደንቡ ላይ ተጽፏል።
ሰዋስው ተምሬአለሁ፦
ጋዝም ስም ይባላል፣ ደወልም ይባላል፣
ባልና አቤቱታ፣ ጭምብልም፣ ጊዜም።
ስድስት ስም በነጻ። ትርፍ የለብሽም።»

እላይ ዜና ዐርፎ፣
እታች ዜና ዕረፍት ዜና ሆኖ ወጣ፣
ገጽ ሃያ ሁለት፣ በደቃቅ ፊደል ጣጣ።

በማግስቱ ጠዋት ኦክታቪያ ወረደች፤
ያቺን ትንሽ ሳጥን ቆማ አነበበች፤
ቀና ብላ አላየችኝ። ቦርሳዋን ከፈተች፤
«ስንት ነው ቃሉ?» አለች።