አራተኛ ፎቅ

«ሊፍቱ አይሠራም» ይላል፣ በሩ ላይ ወረቀት፤
ጥቅምት ላይ ለጥፈው፣ አሁን ነው መጋቢት።
ስድሳ ስምንት ደረጃ፤ ቆጥሬ አውቀዋለሁ፤
ሌላው በእግሩ ሲወጣ፣ እኔ በጥርሴ እወጣለሁ።
ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ፣ ከበርጩማው ነቅቶ፣
«ዛሬም ያው ነው?» ይላል፣ አነካከሴን አይቶ።
«ወድቄ ነው» አልኩት፣ አንድ ሰሞን ዋሽቼ፤
አልወደቅሁም እኔ።
ቆሜ ነው የፈረስኩት፣ እየሄድኩ፣ ሥራ ገብቼ።

ጥቁር አንበሳ ግቢ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት፣
ካርዴን በእጄ ይዤ፣ ቁጥር ሠላሳ ሰባት።
አጠገቤ አንዲት እናት፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣
«ማንን ልታስታምሚ?» አሉኝ፣ መልሴንም ሳይሹ።
ሠላሳ አራት ዓመቴን ፊቴ ላይ አነበቡ፤
ዳሌዬ ሰማንያ እንደሆነው አላሰቡ።
«አኳታ ኡቻን!» አለ መዝጋቢው፤ ስሜ አፉ ላይ ተሰናከለ፤
ተነሣሁ፤ እግሬም ያንኑ ስም መሰለ።

ዶክተር ትርሐስ ፊልሙን ለመስኮት አስጠግታ፣
በነጩ ጥላ ላይ ጣቷን በዝግታ
እየጎተተች፦ «ይሄ፣ ክብ መሆን ነበረበት፤
እንደ እንቁላል ቅርፊት ገባ፤ ደም አልደረሰበት።
ማጭድ የመሰለው ደምሽ፣ በጠባቧ መንገድ
ተጠላልፎ ቀረ፤ አጥንቱም ደረቀ፣ ውሃ እንዳጣ ግንድ።»
«ሰው ሳይሞት አጥንቱ ይሞታል ወይ?» አልኳት።
ዝም አለች። ከታች አንድ አምቡላንስ ሲጮኽ ሰማሁት።
«ይቀየራል በብረት፤ ግን ወረፋው ሩቅ ነው፣ አንቺም ገና ነሽ፤
ብረትም ያረጃል። እስከዚያው ምርኩዝ ያዢ፤ በግራሽ።»
(የታመመው ቀኝ ነው።
ምርኩዝ በደህናው እጅ እንደሚያዝ ያን ቀን ነው የሰማሁ።)
ደግሞም «ቫይታሚን ዲ የለሽም» አለችኝ፣ ውጤቱን አይታ፤
እኔን! የባሮ ዳሯን! ጸሐይ ሳታንኳኳ ቤታችን ገብታ
የምትውልበትን አገር ልጅ!
ሳቅሁኝ። ሳቁም ዳሌዬ ድረስ ወርዶ አመመኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሌሊት ሲነሣብኝ፣
እናቴ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራ ክንዴን ታሽልኝ
ነበር፣ ምንም ሳትናገር።
«የአጥንቴ ፍላጭ፣ የደሜ ክፋይ» የሚል ቃል
በአኙዋክኛ አልሰማሁም፤ እዚህ መጥቼ ነው የሰማሁት፣ ታክሲ ላይ፣
አንዲት ሴት ለሕፃኗ ስትል። ማንም አላየኝም ፊቴን ሳጠይም፤
ለእሷ ቁልምጫ ነው፤ ለእኔ የላቦራቶሪ ውጤት።
አባቴ ጤነኛ፣ እናቴ ጤነኛ፤ ሳያውቁት፣ በፍቅር፣
ግማሽ ግማሽ ማጭድ አዋጡልኝ እንደ ዕቁብ ብር።
አጥንት ቆጣሪ ሞልቷል በአገሩ፤ «ማን ከማን ነው?» የሚል፤
የኔን ዶክተር ትርሐስ ቆጠረችው፤ አንድ ጎድሏል።

ፒያሳን ሳቋርጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ጎኑ ተገምሶ ታየኝ፤
ሰማያዊ ግድግዳ፣ የካላንደር ሚስማር፣
ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ።
አላዘንኩም። ዓምዱን ነው የፈለግሁት፣
ክብደቱን ማን እንደያዘው።

ቸርችልን ቁልቁል፣ ከፋርማሲው ጎን፣ ጠባብ ሱቅ፤
ጃንጥላ፣ የቁልፍ መያዣ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ምርኩዝ።
የእንጨቱን አንሥቼ ከዳሌዬ ጋር ለካሁ።
«ረዘመ፤ እቆርጠዋለሁ» አለ ልጁ፣ አቧራውን እያራገፈ፤
«ቁመቷ ስንት ነው? ለእናትሽ ነው አይደል?»
«አዎ» አልኩት። ብሩን ቆጠርኩ።
«ለእናቴ ልጅ።»

በማግሥቱ ጋሽ ሽብሩ ምርኩዜን አየ፤ ምንም አላለ።
አንድ፣ ሁለት… ቀኝ፣ ምርኩዝ፣ ግራ… ጥርሴን ነከስኩ።
ሠላሳ አራተኛው ደረጃ ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣
ግድግዳውን ተደግፎ በርጩማው ቆሟል።
ቁልቁል አየሁ፤
ጋሽ ሽብሩ በሩ ላይ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣
ቆሞ ነበር።