መጥቅዕ ዜሮ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ቁልቁል፣ የፈንታሁን ልኳንዳ፤
ሒሳብ ያዥ ነኝ፤ በሬ እጽፋለሁ፣ ዱቤና ዕዳ።
ጥር ሲጠባ ጌታው ይጨነቃል፦
«ነነዌ መቼ ይገባል? ዐቢይ ጾም መቼ ይውላል?
ከአርማጭሆ ስንት ልዘዝ? ስንት ሳምንት ልዝጋ?»
መንጠቆው ባዶውን ሲወዛወዝ፣ ያለ ሥጋ።

መልሱ የሚመጣው ከመሪጌታ አዛናው ጣቶች ነበር፤
እኔም ከባታ ደጅ በቁራጭ ወረቀት ይዤው ስበር።
ዘንድሮ ግን አልኳቸው፦ «ቀኑን አይንገሩኝ፤
መንገዱን ያስተምሩኝ።»

መቋሚያቸውን አጋደሙ፤ አውራ ጣታቸው ከአንጓ አንጓ ሄደ፦
«ዓመተ ዓለሙን በዐሥራ ዘጠኝ ግደፊው፤
ከተረፈው አንድ አንሺ፤ ወንበር ይባላል፣ ያዢው፤
እሱን ደግሞ በዐሥራ ዘጠኝ አብዢው፤
ሠላሳ ሠላሳውን ጣይ። የቀረሽ መጥቅዕ ነው።»

መብራት በሄደበት ማታ፣ ላፕቶፔ በባትሪ እየሠራ፣
ኤክሴል የማያውቀውን ቀመር ጻፍኩ፣ የገዛ እጄን ሥራ።
ስሙን «አዛናው» አልኩት። ዓመት በቅንፍ ሲያጎርሱት
ቀን ይመልሳል ለጠየቁት።

ጠባዩን ወደድኩለት፦ ከሰጡት ሌላ አያይም፣
ጓዳ አይገባም፣ የሰው ዕቃ አይነካም፣
ሺህ ጊዜ ቢጠሩት ሺህ ጊዜ ያው ነው ቃሉ።
እኔስ? ጧት ያልኩትን ማታ አልደግመው፤ ያውቃሉ የሚያውቁኝ ሁሉ።

«በሬ» «ጾም»ን ይጠራል፤ «ጾም» ደግሞ «አዛናው»ን፤
አንዱ ያወጣውን ሌላው ይቀበላል፣ ሳይጠይቅ የመጣበትን።
ዐምዱን ወደ ታች ጎተትኩት፤ ዓመታቱ ተከታትለው ሞሉ፤
ሁለት ሺህ ሃያ አምስት ላይ ግን፦
ዜሮ።

መስከረም ዜሮ! ከጳጉሜን በኋላ ነው ወይስ በፊት?
ላፕቶፔን በነጠላ ጠቅልዬ ባታ ደረስኩ በጠዋት።
መሪጌታ ማያውን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው ሳቁ፦
«ልጄ፣ ሠላሳ ከሠላሳ ሲወጣ አልቦ ነው፣ ልክ ነው ዕቃሽ፤
አበቅቴ አልቦ ቢሆን ያምርበታል፤ መጥቅዕ ግን ደወል ነው፣ ታውቂያለሽ?
በሌለ ቀን ማን ደወል ይደውላል?
ሠላሳ በይው፤ ይበቃዋል።»

«ዜሮ ከሆነ፣ ሠላሳ» አልኩ፤ አንድ መስመር ጨመርኩ።
የት ተጽፏል ብዬ ልጠይቅ አስቤ፣ ጣታቸውን አይቼ ዝም አልኩ።

ማታ ለፈንታሁን አሳየሁት። ቢላውን መሳል ተወ፤
ከዓመቱ ዐምድ ቁልቁል በጣቱ ወረደ፣ ቆመ፣ ፈዘዘ፤
«እስከ ሃያ አምስት ድረስ ማን ይኖራል?» አለኝ።
ቀመሩን አየሁት።
ያልሰጡትን አያውቅም።