በብሎን ይሁን

ቱሉ ዲምቱን አልፈህ፣ ኮብልስቶኑ ሲያልቅ፣
ከብሎኬት ማምረቻው ጀርባ ስትዘልቅ፣
አንድ አውቶቡስ ቆሟል፣ ቀለሙ የለቀቀ፣
ግንባሩ ላይ «ጎሬ» የሚለው ያልለቀቀ።

ጋሽ በዳሳ ነድቶት ሃያ ስምንት ዓመት፣
በቁራጭ ብረት ዋጋ ከሐራጅ ገዝቶት፣
ወንበሩን ነቃቅሎ አልጋ ዘረጋበት።
መሪውን አልነካም።
የጎን መስታወቱን ጠዋት ይወለውላል፤
ከኋላ የሚቀድም መኪና ያለ ይመስላል።

እኔን የጠሩኝ ሶኬት ለማብዛት ነበረ።
የነበረው አንድ፣ እሱም የጠቆረ፣
ማከፋፈያ በማከፋፈያ ታዝሎ፣
ገመዱ ተልጦ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ።

ወይዘሮ ዘርፌ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤
ካውያ ለመሰካት ሲንጀሩን ትነቅላለች፣
ምድጃ ለመሰካት ካውያውን ትነቅላለች፤
«ይቺ ዕድሜ» ትላለች «በመንቀል አለቀች።»

አምስት ቦታ ለካሁ፤
አንዱ ከአልጋው ራስጌ፣ አንዱ ከሲንጀሩ፣
ሁለቱ ከምድጃው፣ አንዱ ከበር ዳሩ።
ቆርቆሮውን በሳሁ፤ ስለታም ነው ጠርዙ፣
በጎማ ከፈፍኩት፣
ገመድ ከነከሰ ብዙ ነው መዘዙ።
ለካውያ ወፍራሙን፣ ለአምፖል ቀጭኑን፣
ለየብቻ ብሬከር። ሽማግሌው ያየኛል፤
ከሹፌር ወንበሩ ሳይነሳ ብሎን ያቀብለኛል።

«ምን ቀረ?» አለኝ።
«መሬት» አልኩት።
ሳቀ።
«መሬትማ ቢኖረኝ፣
አውቶቡስ ውስጥ ምን አስተኛኝ?»

«የመብራቱን መሬት ነው። ገላው ሁሉ ብረት፣
እግሩ ደግሞ ጎማ፣ የቆመበት።
ሽቦ ቢላጥ አንድ ቀን፣ መሄጃ ያጣው መብራት
በር በሚነካ ሰው በኩል ነው
ወደ ታች የሚወርድበት።»

«በሩ ነክሶኛል» አለች፣ አፏ ላይ መርፌ ይዛ፤
«በክረምት፣ ልብስ ሳሰጣ።
እሱ ግን ሲነግሩት ይመስለዋል ዋዛ።»

ጋሽ በዳሳ ዘንጉን አየ፣ ሜትር ከግማሹን።
መዶሻዬን አየ። ከዚያ እኔን።
«መኪና» አለ «ከምድር አይታሰርም ልጄ።
ዴዴሳ ቁልቁለት ላይ፣ ፍሬን እንቢ ብሎኝ፣
አትርፌዋለሁ በዚህ እጄ።
ሳይታሰር ኖሮ፣
አንተ ደግሞ ዛሬ፣
ካስማ መትተህ እንደ በግ ልታስረው?»

ምን እላለሁ?
ቸርኬው ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቷል።
ሞተሩን ከሸጠው ስድስት ዓመት ሆኗል።
እኔም አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል፤
ዘርፌም ታውቃለች፤ አንገቷን ደፍታ
የመርፌ ዓይን ትፈልጋለች፣ ክር ይዛ።

«በብሎን ይሁን» አልኩ። «ብየዳ አይነካውም።
ጫፉን በአስራ ሦስት ቁልፍ አስረዋለሁ፣
የሚፈታ።
መሄድ የፈለግህ ለት፣ ሁለት ዙር ወደ ግራ፣
በቃ፣ ትሄዳለህ።»

«ሁለት ዙር?»

«ሁለት ዙር።»

መዶሻውን ከእጄ ወሰደ።
ራሱ መታው፤ ሰባት ጊዜ፣ ምናልባት ስምንት፤
ድንጋይ ሲያገኘው ተሳደበ፣
ዘንጉን ነቅሎ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ
እንደገና መታ።
ዙሪያውን ከሰል ሞላን።
ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ ጨው ብረት ይበላል።
«በበጋ» አልኩት «ውሃ አጠጣው፤
ደረቅ መሬት መብራት አይቀበልም።»

ሲመሽ አምስቱም ሠሩ።
ካውያው ተሰካ፣ ሲንጀሩም ሳይነቀል።
ዘርፌ እጇን ውሃ ነክራ በሩን ያዘች፣
እኛ ትንፋሻችንን ዋጥ አድርገን።
በሩ ዝም አለ።
«አሁን በር ሆነ» አለች።

በየካቲት በዚያው አለፍኩ፤ ሜዳው አመድ መስሎ፣
ከዘንጉ ስር ብቻ ሣር አየሁ በቅሎ፣
እፍኝ የምትሞላ።
ጋሽ በዳሳ ጆግ ይዞ አጎንብሷል።
አላየኝም፤ አልጠራሁትም።
በመስኮቱ ግን ያ ቁልፍ ይታያል፤
ከመሪው በላይ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣
ዘይት ተቀብቷል።