ማኒኮቶ

ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ጉም ቢዬላን ውጧት፤
ቀይዋን አልፋዬን በክሪክ አንስቻት፣
ጀርባዬን ለሲሚንቶ ሰጥቼ፣ ከሆዷ ስር ነኝ።
ትናንት ዳገት መሃል እንፋሎት ተፋችብኝ፤
ያ ሁሉ ፍጥነቷ፣ ያ ሁሉ ጉራዋ፣
አንድ ክንድ በማትሞላ ጎማ ነው ለካ ኑሮዋ!

አረንጓዴ ውሃዋን በሳፋ ቀዳሁት፤
ጣሙ ብርዝ፣ ግብሩ መርዝ፤ በጣውላ ከደንኩት፤
የጎረቤቴ ድመት ምላሷ ረጅም ነው።
አሮጌውን ማኒኮቶ ግን ማን ያላቅቀው?
በካቻቢቴ ብጎነትለው፣ በፈላ ውሃ ባባብለው፣
ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ኖሮ፣ ፍቺ አልዋጥ አለው።
መጨረሻ በቢላ፤ ውስጡ ተሰነጣጥቋል።
አዲሱን ስሰካ፣ አንድ ፋሸታ ጎድሏል።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወደ ኤቫዚዮ ሱቅ ሄድኩ።
ጣልያንኛ አላውቅም፤ ዳቦ እንኳ የምገዛው በጣቴ እየጠቆምኩ።
«ፋሸታ» አልኩት፣ ሳላስበው፣ በአማርኛ፣
ናዝሬት፣ ጋሽ ድንበሩ ጋራዥ፣ እንደምንለው እኛ።
ሽማግሌው መሳቢያ ሳበ። «ፋሸታ» ብሎ ሰጠኝ።
«ማኒኮቶ?» ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ።
«ማኒኮቶ!» አልኩ።
«ፒንሳ?»
«አለኝ።»

የኔ ነው ያልኩት ቃል ለካ ባለቤት አለው።
ልመልስለት?
ተውኩት። የጋሽ ድንበሩ ግራሶ አለበት፣ እንዴት ብዬ ልስጠው!

ማታ ሞተሩ ተነሳ። መርፌዋ ወጥታ መሃል ላይ ቆመች።
ከስር ካርቶን አነጠፍኩ፤ እስክተኛ ድረስ
አንዲት ጠብታ ወረደች።
ከየትኛው ጫፍ እንደሆነ እንጃ።
ነገ ሲነጋ አያለሁ።