ተንበርከክ ያለው የለም

የቀጠሩኝ ለአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ጉዳይ ብቻ፤
በርገን፣ ማክሰኞ ጧት፣ የዝናብ ዘመቻ።
ጃንጥላዬን ከበሩ፣ ጫማዬን ከመደርደሪያ
አኑሬ፣ በካልሲዬ ገባሁ ወደ መሰብሰቢያ።

ከወዲያ ርእሰ መምህሩ፣ መምህርቷ ኢንግቪል፤
ከወዲህ ዘርትሁን፣ የሻርፗን ጫፍ ስትጠቀልል፤
አጠገቧ ይትባረክ፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣
የጃኬቱን ዚፕ ሽቅብ ቁልቁል የሚያመላልሰው።
እኔ መሃል።
ድልድይ ይሉናል፣ በላያችን የሚያልፉት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው፦
ልጁ ሰኞ አረፈደ፤ አሥራ ሁለት ደቂቃ።
«እንኳን መጣህ፣ ተቀመጥ» አለችው፣ በቃ።
እሱ ግን አልተቀመጠም፤ ቦርሳውን አወረደ፣
ከሰሌዳው አጠገብ ወዳለው ጥግ ሄደ፣
ፊቱን ለግድግዳው ሰጠ፣
ሁለት እጁን ሰቀለ፣
ተንበረከከ።
ሃያ ሦስት ልጆች ጸጥ። አንዷ ብቻ ሳቀች፤
ኋላም እሷው ራሷ ከሁሉ ቀድማ አለቀሰች።

«ተንበርከክ ያለው የለም» ትላለች መምህርቷ፣
በእርማት ቀለም ቀልቷል የቀኝ እጅ ጣቷ።
«ማን ነው ያስለመደው? ቤት ውስጥስ ምን አለ?»
ርእሰ መምህሩ ይጽፋል፣ አንገቱን እንዳዘነበለ።

ቃሉን ፈለግሁለት። በእነሱ ቋንቋ መንበርከክ
ቀለበት ለማጥለቅ ነው፣ ወይ እግዜርን ለማምለክ፤
ለአሥራ ሁለት ደቂቃ የሚሆን ጉልበት የላቸውም።

እኛ አለን።
አሰላ፣ ባንዲራው ከወጣ በኋላ የደረሰ
ቦታው ጠጠሩ ላይ ነው፣ ሱሪው ጠጠር እየጎረሰ።
ጋሽ ወርዶፋ ጎማውን በመዳፉ እየሞከረ
«ለናንተው ነው» ይለን ነበር፤
ደብተር ላጣ ልጅ ከደሞዙ የሚገዛም እሱው ነበረ።
ሁለቱን ባንድ ትንፋሽ እንዴት ብዬ ልተርጉም?
የጠየቀኝም የለም።

ዘርትሁን ጠየቀች፦ «ምን አጠፋ?»
«ምንም» አሏት።
«ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ?»
ለዚህ መልስ የሚሆን ፎርም አልተዘጋጀም ነበር።

ከዚያ ተነሳች፤ እናቷ እንዳደረገችው፣ እንደ ወጉ፣
ሁለት እጇን አጣምራ፣ ወደ ጠረጴዛው ጥጉ፦
«ሰጥቻችኋለሁ፤ ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ፣
ሌላውን ቅጡልኝ» አለች። ልቤ ቀጥ አለብኝ።

በእኛ ዘንድ ይህ ክብር ነው፣ አደራ ማስረከቢያ፤
እዚያ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን የሌላ ቢሮ መግቢያ፣
በሩን የማያውቁት የሚያንኳኩበት ማታ፣
የልጅ አልጋ ባዶ የሚያድርበት ቦታ።

የአስተርጓሚ ደንብ አጭር ነው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ።
አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ስድብ እንኳ ሳላለሰልስ፣
እርግማኑን እንደ እርግማን፣ ቀልዱን እንደ ቀልድ ያደረስኩ ሰው፣
«ታምናችኋለች» አልኩ።
እሱን ብቻ።

ዚፑ ቆመ።
ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማው ይትባረክ
ቀና ብሎ አየኝ፤ ረጅም።

ተጨባበጡ። ለመጋቢት ሌላ ቀን ተቆረጠ።
«በደንብ ነገርክልኝ?» አለችኝ እናቲቱ በሩ ላይ።
«በደንብ» አልኳት። ይኼ ሁለተኛው ነው።

ከመደርደሪያው በላይ ደንቡ ተለጥፏል፣
ልጆች በቀለም እርሳስ የጻፉት፣ አንዱ ጥግ ተልጧል፦
አንሮጥም። ተራ እንጠብቃለን። እውነት እንናገራለን።
ጫማዬን አወረድኩ፤ ማሰሪያው እርጥብ ነው፤
ጎንበስ ልበል ብል ወገቤ እምቢ አለ፤
አንዱን ጉልበቴን መሬት አስነካሁ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣
ፊቴ ለግድግዳው።

ከኋላዬ ዚፕ ሰማሁ። ሽቅብ። ቁልቁል።
«ጋሼ» አለኝ በሹክሹክታ፣
«ላንተ ስንት ደቂቃ ነው?»