ከፋይ፦ ተቀባይ

ሌላው ይሰበስባል ንግሥት ያለችበት፣
መርከብ የታተመበት፣
ወይ ጅራተ ረጅም ወፍ ያረፈችበት።
እኔ የምለቅመው መልክ አልባውን ቴምብር፣
ከመሐሉ ሌላ የለም፤ ቁጥር ብቻ፣ ቁጥር።
አረንጓዴው አንድ ሳንቲም፣ ጥቁሩ ሁለት፣ ቀዩ ስድስት፤
ለጌጥ አልተሠራም፤ የዕዳ ወረቀት።
ገዝቶ የሚልክበት ሰው የለም፤
የሚለጠፈው ላኪ ባጎደለ ቀን ነው፣ በሌላ ቀን አይደለም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ስፓይትስታውን ፖስታ ቤት፣
ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ ስመዝንበት፣
ሕጉን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዣለሁ፤
ማታ ስተኛ እንኳ ግራም ቆጥሬያለሁ።
ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ቴምብሩን ሲያሳንስ፣
ፖስታው እኛ ጋ ሳይደርስ፣
እዚያው በክብ ማኅተም «ቲ» ይመቱበታል፣
በሰማያዊ እርሳስ የጎደለው ይጻፍበታል፤
እኛ እጥፉን እናስባለን፤
«እማማ ኧርሚንትሩድ፣ አራት ሳንቲም አለብዎት» እንላለን።
እሷም መሐረቧን ፈትታ፣ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፣
ወጣች፣
የልጇን ንፉግነት ለገበያው ሁሉ እያወራች፤
ደብዳቤውን ግን ደረቷ ላይ እንደ ጫጩት አቅፋ ሄደች።

ጡረታ ስወጣ ነው መሰብሰብ የያዝኩት።
እዚህ ባርቤዶስ ወረቀት ማኖር ትግል ነው፤
ጨው ይበላዋል፣ ወበቅ ያጣብቀዋል፣
በረሮ ለሙጫው ሲል ሌሊት ይነሣል፤
አልበሜን በታልክ ነስንሼ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ከድኜ፣
አልጋዬ ስር አኖራለሁ፣ እንደ ባለ ወርቅ ሆኜ።
አንድ አለኝ፣ አረንጓዴው ባለቀ ዕለት፣
አለቃችን ጥቁሩን በመቀስ እኩል የቆረጠበት፤
አንድ አለኝ፣ ከፓናማ የመጣ፣ ተቀባዩ የሞተበት፣
ጎረቤቱ፣ ለወሬ ብሎ፣ ከፍሎ የወሰደበት።
ስዋን ስትሪት ላይ ሱቅ ያለው ዳርንሊ ቦይስ ይስቅብኛል፦
«ኢያንቲ፣ ሰው ንጹሑን ይገዛል፤
አንቺ የተሰረዘ፣ የተሞነጫጨረ ያምርሻል!»
ይሳቅ። ንጹሕ ፖስታ ምን ያወራል?
የእኔ ተመዝኖ ጎድሎ ተገኝቷል፣
ደጃፍ ላይ ሰው አጣልቷል።

ባለፈው ቅዳሜ የጫማ ሣጥኑን ሳገላብጥ፣
ከስድሳ ፖስታ መሐል አንዱ ላይ እጄ አለ ቀጥ።
«ለወይዘሮ ኦሪንታ ጊተንስ፣ ሲክስ ሜንስ»።
እናቴ።
ፊደሉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ፣ የዚያ የአባቴ።
በርሚንግሃም፣ ኅዳር፣ ሃምሳ ሰባት።
ያኔ እኔ የአምስት ዓመት።
እናቴ እስክትሞት፣ ዓሣ እየፋቀች፣
«አባትሽ አንዲት መስመር አልጻፈም» ትል ነበር፤ አንድ ቀን አልሳተች።
ቀዩ ስድስት ግን ይኸው፣ ጥጉ ላይ፣ በእኛው ማኅተም ተመትቶ፤
እምቢ ብትል ኖሮ «አልቀበልም» ተብሎ ይመለስ ነበር፣
ላኪው ጋ፣ ባሕር ለባሕር ተንከራትቶ።
ሥራዬ ነው፤ አውቃለሁ። ከፍላለች።
ስድስት ሳንቲም ያኔ ቀልድ አልነበረም፤ ከፍላለች።
ክዳኑንም በዓሣ ቢላ ከፍታለች፤
አንዲት ቅርፊት ሙጫው ላይ ደርቃ ቀርታለች።
ውስጡ ባዶ። ነፍቼ አየሁት፣ ገልብጬ አራገፍኩት፤
ወረቀቱን አቃጥላው ይሁን ትራስ ውስጥ ሰፍታው፣
እንጃ፤ አላወቅኩት።

«አርባ ዶላር» አለ ዳርንሊ፤ «ቀዩ ስድስት ብርቅ ነው።»
አፌ ልማዱን አልተወም፤ ሠላሳ አምስት አደረግነው።
በአውቶቡሱ መስኮት የሸንኮራው ማሳ ሲያልፍ አፈርኩ፤
በእናቴ ደብዳቤ ላይ አምስት ዶላር ተከራከርኩ።

አሁን ገጹ ከፊቴ ነው። በእርሳስ ክብደቱን ጻፍኩ፣
መንገዱን፣ የጎደለውን፣
«ተከፈለ፦ ስድስት» ብዬ አሰፈርኩ።
የቀረውን በየትኛው መስመር ልጻፈው?
የዚያን ዓመት ገና ቢጫ ጫማ ነበረኝ፤
«ከብሪጅታውን ገዛሁልሽ» አለችኝ።
ጠበበኝ።
ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እያነከስኩ ነበር፣ ተረከዜ ቆስሎ፤
እሷ ዝም፣ ፊቷ ወደ ባሕሩ ዞሮ፣ እጇ እጄን አጥብቆ፣ ቸኩሎ።
እናቴ፣ እግሬን በስንዝሯ፣ በጨለማ የምትለካ፣
አልተሳሳተችም ለካ።
ያ ጫማ የሦስት ዓመት ልጅ ልክ ነበር፤
እሱ መርከብ ሲሳፈር፣ ወደቡ ላይ ሲስመኝ፣
የነበረኝ እግር።