የመዶሻዬ ወጪ

መስታወት ውስጥ ቆሞ ሲያበራ አየሁት፣
ከውጭ የመጣ ነው፣ በእጄ አልነካሁት።
«ስንት ነው?» ብለው ባለሱቁ ነገረኝ፤
ገና ሳልገዛው ነው መዶሻው የመታኝ።

ሽምብጥ ነው ቤቴ፤ ውሃው ካጥሩ ጀርባ፣
ነፋስ ሲነሣ የዓሣ ሽታ ይዞ የሚገባ።
ማኅተሞቼ ሁሉ የሞረድኋቸው ሚስማር፦
አንዱ የወፍ እግር፣ አንዱ የደንገል ዳር፣
አንዱ የዓሣ ቅርፊት፣ አንዱ የገብስ ፍሬ።
በብረት መዶሻ ስመታቸው ኖሬ
አናታቸው ሁሉ እንጉዳይ መሰለ።
ብረት በብረት ላይ ምሕረት የት አለ?

ባሕር ዛፍ ጠረብሁኝ፣ ከአጥር የተረፈ፤
አራቴ መታና መሬት ላይ አረፈ፣
ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ።
«ማገዶ ነው» አለኝ እንየው አናጢው፤
«ሲመታ የማይከፋው ወይራ ብቻ ነው።»

ወይራው ከየት መጣ? ከእትዬ ጥሩዬ ጓሮ፤
የተሰበረ ዘነዘና፣ ከዓምና ጀምሮ
ዶሮ የሚያድርበት፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጌሾ የወቀጠ፣
ከወገቡ አንድ ቀን ቀጭ ብሎ የተቆረጠ።
ጠየቅኋቸው፤ ከዶሮው እግር ሥር ሳቡልኝ።
«ውሰደው» አሉና፣ «ቀበቶ ስፋልኝ፣
ለባሌ አይደለም፣ ለኔው ለወገቤ።»
እሺ ብዬ ወጣሁ፣ ዕዳዬን አስቤ።

ጠረብሁት፣ ሞከርሁት፤ ቀለለኝ እንደ ደንገል፣
ቆዳው ላይ ይዘላል፣ አይገባ፣ አይነቀል።

አቶ ሽባባው አሉ፣ ዓሣ ያጠመዱ፣
ጀልባቸውን ሸጠው በረንዳ የለመዱ።
መረቡ ግን አለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣
ሸረሪት በላዩ ሌላ መረብ ጥሎ።
«ከግርጌው እርሳሱን ልፍታ ወይ?» አልኋቸው።
ዝም አሉ። ወደ ውሃው ዞረ ዓይናቸው።
«ሃያውን ውሰደው። ሦስቱን ግን ተውልኝ፣
ምናልባት…» አሉና፣ ሳይጨርሱልኝ
ሳል መጣ።

እርሳስ ሲቀልጥ ጭሱ ክፉ ነው፤ ደጅ ወጣሁ፣
ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ተቀመጥሁ።
እንጨቱን ሁለት ሳምንት ጣራ ላይ አድርቄው ነበር፤
እርጥብ ከሆነ የቀለጠው ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል
(ይህን ለሚሠራ ሰው ነው የምናገር)።
በቲማቲም ጣሳ ከፍም ላይ ቀለጠ፣
በቦረቦርሁት ጉድጓድ ጸጥ ብሎ ሰመጠ፣
እንደ ማታ ሐይቅ ሲያንጸባርቅ ቆይቶ
ግራጫ ሆነና ዝም አለ ተኝቶ።

ራሱን በጠፍር አሰርሁት። ጠፍሩ የአባቴ አልጋ ነው፣
መሐሉ ረግቦ ሁላችንንም አቅፎ ያሳደገው።
አባቴ ቆዳ ይፍቅ ነበር፤ ስሙን ትተው
በሥራው ይጠሩት ነበር፣ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
ጠፍሩን ከጣና ነከርሁት፣ አንድ ሌሊት አደረ፤
ጠመጠምሁ፣ ሳብሁ፣ ቸነከርሁ፤ ሲደርቅ ጠነከረ።

ወጪ፦ ሚስማር አሥራ ሁለት ብር። ከሰል ሠላሳ።
አንድ ቀበቶ ዕዳ። አንድ የተቃጠለ ጣሳ።
የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር። (እሱ ይበቅላል።)
ትንሽ ይንጋደዳል። እጄም እንደዚያው ነው፤ ይስማማል።

የመጀመሪያው ምት፦ የወፍ እግር።
ድብ! ይላል እንጂ ቃ! አይልም፤ ፔዳ የሚማረው ተከራይ
ዛሬ ግድግዳውን አልደበደበም በኔ ላይ።
ሁለተኛው ምት፣ ሦስተኛው፤ ወፏ ቀበቶው ላይ
እየተራመደች ወደ ዘለበቱ ስትሄድ፣
አቶ ሽባባው ደረሱ፣ በምርኩዝ፣ በዝግታ መንገድ።

አነሡት። መዘኑት። ጠፍሩን ዳሰሱና፣
«ውሃ ውስጥ ብትጥለው ይሰምጣል?» አሉና
መልሴን ጠበቁ፣ እንደ ዳኛ።
«ይሰምጣል» አልኋቸው።
«እንግዲያ የኔው ነው።»
ጭናቸው ላይ አድርገው እስኪመሽ ተቀመጡ።
ቀበቶው ይጠብቅ። እትዬ ጥሩዬ ይቆጡ።